ከአይመለል እስከ ቦምቤይ፤ የእንግዳ መምህራን መንገድ

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው አውራ ጎዳና የሚጓዝ መንገደኛ አዋሽን በመልካ ቁንጡሬ ይሻገራል፤ ወደ አዳዲ ማርያም ውቅር ቤተ ክርስቲያን የሚወስደውን መገንጠያም ትቶ ያልፋል፤ በጠቅላላው ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘ በኋላ ጥያ ይደርሳል። ጥያ በጉራጌ ምድር፣ በሶዶ ክስታኔ አገር የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ናት። ስሟን ለዓለም ያስተዋወቁት ቤቶቿ ወይም ገበያዋ ሳይሆኑ በዳርቻዋ ተሰልፈው የቆሙት ትክል ድንጋዮች ናቸው። ቍጥራቸው 36 ሲሆን በ32ቱ ላይ ሰይፍ፣ ክብና እንደ ቅጠል የተዘረጋ ምልክት ተቀርጾ ይታያል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው። የአገሩ ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው እንደ ሰሙት «የግራኝ ድንጋይ» ይሏቸዋል። ተመራማሪዎች ግን ከ12ኛው እስከ 14ኛው ምዕተ ዓመት ባለው ዘመን ያስቀምጧቸዋል፤ ይኸውም ኢማም አሕመድ ከመወለዱ ቢያንስ አንድ መቶ ዓመት በፊት መሆኑ ነው።

በድንጋዩ ላይ ሰይፉ አለ፤ የባለ ሰይፉ ስም ግን የለም። ከሥሩ የተቀበሩት ሰዎች እነማን እንደ ነበሩ የሚናገር ፊደል አልተቀረጸም። ይሁን እንጂ ይህ አገር በጽሑፍ ጨርሶ ያልተወሳ አልነበረም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ላይ በለንደን በታተመ አንድ የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ «አይመለል» የሚል የቦታ ስም ይገኛል። አይመለል ዛሬ ሶዶ ክስታኔ የሚባለው ሕዝብ አገር ጥንታዊ መጠሪያ ነው። ስሙን በመጽሐፍ ያሰፈሩት ሁለት ጀርመናውያን የወንጌል መልእክተኞችና መምህራን ሲሆኑ፣ አገሩን በዓይናቸው አላዩትም። በአንኮበር ተቀምጠው ከነጋዴና ከመንገደኛ የሰሙትን ነበር የጻፉት። ከሁለቱም አንደኛው ከቀረው ዕድሜው አብዛኛውን በህንድ አገር፣ ከባርነት ነፃ በወጡ አፍሪካውያን ልጆች መካከል በማስተማር አሳልፏል።

በኢትዮጵያና በህንድ መካከል የተመላለሱትን የእነዚህንና የመሰሎቻቸውን እንግዳ መምህራን ታሪክ መመርመር ለመምህርነት ሙያ የሚሰጠው ቁም ነገር አለ። እንግዳ መምህር በሰው አገር ምን ይዞ ይገባል? ምንስ ይዞ ይወጣል? ከማስተማሩ በፊት መማር የሚገባውስ ምንድር ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ከሩቅ ዘመን የመጡ ቢሆኑም ዛሬም ከተወለደበት ወረዳ ርቆ ለሚመደብ መምህር ሁሉ እንግዳ አይደሉም።

የመምህራኑ መምህራን

አማርኛ በውጭ አገር ምሁራን ዘንድ ሊታወቅ የቻለው በኢትዮጵያውያን አስተማሪነት ነው። አባ ጎርጎርዮስ የተባሉ የመካነ ሥላሴ ካህን ከጀርመናዊው ሊቅ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር በሮም ተዋውቀው፣ በ1652 ወደ ጎታ ከተማ በመሄድ ቋንቋቸውንና የአገራቸውን ታሪክ አስተምረውታል። ሉዶልፍ በ1698 ያሳተማቸው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት የዚህ ትምህርት ፍሬዎች ናቸው። መምህሩ ግን መጽሐፉን ሳያዩ፣ በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ሞቱ።

ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ ደግሞ አቡ ሩሚ በመባል የሚታወቀው ጎጃሜው አብርሃም ከዚህ የረዘመ መንገድ ተጓዘ። ኢየሩሳሌምን ተሳልሞ፣ ሶርያንና ፋርስን አልፎ እስከ ህንድ ደረሰ። በዚያን ጊዜ በካልካታ የእንግሊዝ ዳኛ ሆኖ የሚሠራው ሰር ዊልያም ጆንስ፣ የእስያ ቋንቋዎችንና ታሪክን የሚመረምር ማኅበር በ1784 አቋቁሞ ነበር። ጆንስ ከአብርሃም ጋር ተቀምጦ ስለ ጎንደር ከተማና ስለ ዓባይ ምንጭ ጠየቀው፤ ያገኘውንም መልስ በማኅበሩ መጽሔት የመጀመሪያ ቅጽ በ1788 አወጣው። በዓለም ላይ ስመ ጥር የሆነው የቋንቋ ሊቅ በዚያ ጉባኤ ተማሪ፣ ኢትዮጵያዊው መንገደኛ ደግሞ መምህር ነበር ማለት ነው።

አብርሃም በኋላ በካይሮ ታሞ ሳለ፣ በዚያ የነበረው የፈረንሳይ ባለሥልጣን አስላን ደ ሸርቪል አስታመመው። ከዳነም በኋላ በሳምንት ሁለት ሁለት ቀን እየተገናኙ፣ አሥር ዓመት ያህል በፈጀ ድካም መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ መለሰ። ሥራው ከ9,000 ገጽ በላይ ነበር። ተርጓሚው በካይሮ በወረርሽኝ ከሞተ በኋላ የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር የእጅ ጽሑፉን በ1820 ገዛው። አራቱ ወንጌላት በ1824፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 ታተመ። ወደ ኢትዮጵያ የሚመጡት የፕሮቴስታንት መልእክተኞች ሁሉ በእጃቸው ይዘው የገቡት መጽሐፍ እንግዲህ ከውጭ የመጣ ቢመስልም፣ ቃሉ የአንድ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ነበር።

ዓድዋና አንኮበር

ካርል ቪልሄልም ኢዘንበርግ በ1806 በጀርመን አገር በባርመን ከተማ ተወለደ። በባዝል የሚስዮን ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሚስዮን ማኅበር ወደ ኢትዮጵያ ላከው። በ1835 ከሳሙኤል ጎባት ጋር ዓድዋ ገባ። ጎባት ከዚያ በፊት በ1830 መጥቶ በትግራይና በጎንደር የተቀመጠ፣ ከካህናትና ከመሳፍንት ጋር በትዕግሥት የሚወያይ፣ ከመናገር ይልቅ መጠየቅን የሚያስቀድም ሰው ነበር። ስለዚህም ብዙ ወዳጅ አፍርቷል። በሁለተኛው ጉዞው ግን ሕመም ስለ ጸናበት በ1836 አገሩን ለቀቀ፤ ሥራውም በኢዘንበርግ ላይ ወደቀ።

ኢዘንበርግ ትጉህና ብርቱ ሠራተኛ እንደ ነበር ሥራዎቹ ይመሰክራሉ። ጠባዩ ግን ከጎባት የተለየ ነበር። በአገሩ ሰው ዘንድ የከበረውን የእመቤታችንንና የቅዱሳንን አማላጅነት በግልጽ ይነቅፍ ጀመር። ለመኖሪያው ቤት ሲያስቈፍር የመሠረቱ ጥልቀት በከተማው ውስጥ ጥርጣሬ አስነሣ። በ1838 መጀመሪያም ካቶሊካዊው ሰባኪ ጁሴፔ ሳፔቶ ከሁለቱ ወንድማማቾች ከአንቷንና ከአርኖ ዳባዲ ጋር ዓድዋ ደረሰ፤ የእንግዶቹም ፉክክር በነገሩ ላይ እሳት ጨመረ። በዚያው ዓመት በመጋቢት የትግሬና የስሜን ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኢዘንበርግንና ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የደረሰውን ባልደረባውን ዮሐን ሉድቪግ ክራፍን ከአገራቸው እንዲወጡ አዘዙ።

ሁለቱ ሰዎች ተስፋ አልቈረጡም። ከተጁራ ተነሥተው የአፋርን በረሃ አቋርጠው በ1839 ሸዋ ገቡ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በመልካም ፊት ተቀበሏቸው፤ ይሁን እንጂ ንጉሡ ከመምህር ይልቅ ጠመንጃ የሚያበጅ የእጅ ባለሙያና መድኃኒት የሚያውቅ ሐኪም ይሹ ነበር። ኢዘንበርግ የሰበሰበውን የቋንቋ ጽሑፍ ለማሳተም በዚያው ዓመት በኅዳር ወደ አውሮፓ ተመለሰ። ክራፍ በአንኮበር ቀርቶ ጥቂት ልጆችን ለማስተማር ሞከረ፤ የብራና መጻሕፍት ሰበሰበ፤ በ1840 መጀመሪያ ላይም ንጉሡ በኦሮሞ አገር ያደረጉትን ዘመቻ ተከትሎ ያየውን ጻፈ።

የአይመለል ስም በመጽሐፍ የሰፈረው በዚህ ጊዜ ነው። ክራፍ በስተ ደቡብ ስላለው አገር የሚያውቅ ሰው ባገኘ ቍጥር ይጠይቅ ነበር። አይመለል የጉራጌ ክፍል እንደ ሆነና ሕዝቡም ክርስቲያን እንደ ሆነ ሰማ። በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ውስጥ ከግራኝ ዘመን ጀምሮ የተሸሸጉ የግዕዝ መጻሕፍት እንዳሉም ተነገረው። የሁለቱ መልእክተኞች የዕለት ማስታወሻ በ1843 በለንደን ታትሞ ሲወጣ እነዚህ ወሬዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ሰፊ አንባቢ አገኙ። ይሁን እንጂ ስለ ጥያ ድንጋዮች አንዲት ቃል አልተጻፈም። ጠያቂው ስለ ክርስቲያንና ስለ መጽሐፍ ጠየቀ፤ የተመለሰለትም ስለ ጠየቀው ነገር ብቻ ነበር። ስለ ድንጋይ ያልጠየቀ ሰው የድንጋይ ወሬ አይሰማም።

ኢዘንበርግ በለንደን የፈጸመው ሥራ ግን በአማርኛ ትምህርት ታሪክ ውስጥ ጕልህ ስፍራ አለው። መዝገበ ቃላቱ በ1841፣ ሰዋስዉ በ1842 ታተመ። ከእነዚህም ጋር ለተማሪ ቤት የሚሆኑ የፊደል ማስቈጠሪያ፣ የመልክዐ ምድርና የዓለም ታሪክ መጻሕፍት በአማርኛ አዘጋጅቷል። ግዕዝ የትምህርትና የጽሕፈት ቋንቋ በሆነበት ዘመን፣ ልጅ በአፍ በፈታበት ቋንቋ የዓለምን ቅርጽና ታሪክ ይማር ብሎ መጽሐፍ ማሰናዳት ትልቅ ሐሳብ ነበር። መዝገበ ቃላቱ ከሉዶልፍ ወዲህ ለ140 ዓመት ያህል ያልታየ ሥራ ነው። በርዕሱ ገጽ ላይ የሰፈረው ግን የኢዘንበርግ ስም ብቻ ነው። በዓድዋና በአንኮበር ደጅ ላይ ተቀምጠው ቃሉን ከነፍቺው የነገሩት ሰዎች በዚያ ገጽ ላይ አልተጻፉም።

በዚህ ስፍራ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ኢዘንበርግ በዓድዋ ያልተሳካለት ሊያስተምር በተነሣበት ጕዳይ ሲሆን፣ የተሳካለት ደግሞ በተማረበት ጕዳይ ነው። የነቀፋው ንግግር ከከተማ አስወጣው፤ ያዳመጠው ንግግር ግን መዝገበ ቃላት ሆኖ ቀረ።

የሮጌ ገበያና የባሕሩ ማዶ

በዚያ ዘመን ከሸዋ ወደ ባሕር የሚወርደው መንገድ መጨረሻው ህንድ ነበር ማለት ይቻላል። እንግሊዞች በጥር 1839 ዓደንን ከያዙ በኋላ ወደቡ የሚተዳደረው ከቦምቤይ ነበር። ከቦምቤይ መንግሥት የተላከው ሻምበል፣ በኋላም ሻለቃ ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ በ1841 ወደ አንኮበር መጥቶ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር ኅዳር 16 ቀን ውል ተዋዋለ፤ በንግግሩም ላይ አስተርጓሚው ክራፍ ነበር።

በዚሁ መንገድ ላይ ከሁሉ የከፋው ንግድ ይካሄድ ነበር። ከጉራጌ፣ ከእናርያና ከሌላው ደቡብ አገር የተያዙ ሰዎች በየረር ተራራ አጠገብ ወደሚገኘው ወደ ሮጌ ገበያ፣ ከዚያም በአንኮበር ግርጌ ወዳለው ወደ አብዱል ረሱል ገበያ ይነዱ ነበር። በመጨረሻም በረሃውን ተሻግረው ወደ ተጁራ ወርደው ለዓረብና ለባሕር ማዶ አገሮች ይሸጡ ነበር። ክራፍ ስለ ጉራጌ ሰዎች ሲጽፍ፣ ሰው ብቻውን ከቀዬው ርቆ ለመሄድ ይፈራ እንደ ነበር መስክሯል። የአይመለል አገር ለእሱ በወሬ የሚታወቅ ስፍራ ቢሆንም፣ ከጉራጌ የተወሰዱትን ሰዎች ግን በገበያና በመንገድ ላይ በዓይኑ አይቷቸዋል። አገራቸውን ያወቀው እነሱ አገራቸውን ባጡበት ስፍራ ነበር።

ክራፍ በመጋቢት 1842 ከአንኮበር ወጥቶ ወደ ምፅዋ ሲጓዝ በወሎ ምድር ተዘረፈ። ከዚያ በኋላ ወደ ሸዋ እንዳይመለስ ተከለከለ። ከኢዘንበርግ ጋር በ1843 እንደገና በትግራይ በኩል ለመግባት ሞክረው አልተሳካላቸውም። በዚህ ጊዜ የሁለቱ ጓደኛሞች መንገድ ተለያየ። ክራፍ በ1844 ወደ ሞምባሳ ሄደ፤ በዚያም ሚስቱን ቀበረ፤ የስዋሂሊ ቋንቋ ተማረ፤ በ1846 ከዮሐንስ ሬብማን ጋር በራባይ ኮረብታ ላይ የሚስዮን ጣቢያ መሠረተ። ኢዘንበርግ ደግሞ በ1844 ወደ ቦምቤይ ተላከ። የ38 ዓመት ጐልማሳ ሆኖ የለፋበትን የአማርኛ ሥራ ከኋላው ትቶ፣ በማራቲ ቋንቋ እንደ ጀማሪ ተማሪ ፊደል ቈጠረ።

በህንድ ምድር ሐበሾች አዲስ አልነበሩም። ከኢትዮጵያ ተሸጦ የሄደው ማሊክ አምባር በደካን አገር ከባርነት ወጥቶ የጦር አዛዥና የአሕመድናጋር መንግሥት እንደራሴ ሆኗል፤ ኋላ አውራንጋባድ የተባለችውንም ከተማ በ1610 ቈርቍሯል። በ1626 ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት ካለፈ በኋላም የባሮች ንግድ በህንድ ውቅያኖስ ላይ አልቆመም ነበር። የእንግሊዝ የጦር መርከቦች የባሪያ ነጋዴዎችን ጀልባ በያዙ ጊዜ የተገኙት ሰዎች ወደ ቦምቤይ ይወሰዱ ነበር። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ። ወላጅ የላቸውም፤ አገራቸው የት እንደ ሆነ አያውቁም፤ የሚናገሩትንም ቋንቋ በከተማው የሚሰማ አልነበረም። የሚስዮን ማኅበሩ ልጆቹን ተቀብሎ ማሳደጊያ አቋቋመ፤ በኋላም ማሳደጊያው በናሲክ ከተማ አጠገብ ወዳለችው ሻራንፑር ወደምትባል የክርስቲያን መንደር ተዛወረ። ኢዘንበርግ የተጠመደበት ሥራ ይህ ነበር። ልጆቹ ከንባብና ከጽሕፈት ሌላ አናጢነትንና አንጥረኝነትን ይማሩ ነበር።

የኢዘንበርግ ሕይወት ታላቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ይገኛል። በኢትዮጵያ ሳለ ቃል የሚሰበስበው በአገሩ፣ በቤቱ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ከሚኖር ሕዝብ ነበር። በቦምቤይ ያገኛቸው ተማሪዎች ግን ቋንቋቸው ከአፋቸው የተነጠቀባቸው ናቸው። በዓድዋ ሕዝቡ እምነቱን ጠብቆ መምህሩን አልቀበልም የማለት ሥልጣን ነበረው። በቦምቤይ ልጆቹ ለመቀበልም ሆነ ላለመቀበል ምርጫ አልነበራቸውም። ነፃ መውጣታቸው እውነት ነው፤ ስማቸው፣ ሃይማኖታቸውና ሙያቸው ግን በአሳዳጊዎቻቸው ተመረጠላቸው። በዚህ ረገድ የሚስዮኑን ሥራ የሚያመሰግኑትም የሚነቅፉትም ወገኖች በእጃቸው ማስረጃ አላቸው። ሊካድ የማይቻለው ልጆቹ አድገው የሠሩት ሥራ ነው።

በ1864 ዊልያም ጆንስና ኢሽማኤል ሰምለር የተባሉ የዚያው ማሳደጊያ ልጆች ከቦምቤይ ተነሥተው ራባይ ደረሱ። የሄዱትም በዚያ በብቸኝነት የቀረውን ሬብማንን በማስተማር ሥራ ለመርዳት ነበር። ራባይን የመሠረተው ክራፍ ሲሆን፣ እነዚህ ወጣቶች ደግሞ ኢዘንበርግ ባገለገለበት ማሳደጊያ የተማሩ ናቸው። ስለዚህ ከሃያ ዓመት በፊት የተለያዩት የአንኮበር ጓደኛሞች በተማሪዎቻቸው አማካይነት እንደገና ተገናኙ ማለት ይቻላል። ኢዘንበርግ በዚያው ዓመት በጥቅምት በጀርመን አገር በኮርንታል አረፈ።

ከሻራንፑር ተማሪዎች አንዱ የሆነው ጄኮብ ዌይንራይት ደግሞ በ1873 ዴቪድ ሊቪንግስተን በመካከለኛው አፍሪካ በሞተ ጊዜ በስፍራው ነበር። የቀብሩን ጸሎት ያነበበው እሱ ነው፤ የሟቹንም ስምና የሞተበትን ቀን በዛፍ ግንድ ላይ ቀረጸ። የገዛ ወላጆቹ የሰጡት ስም የተነጠቀበት ልጅ የሰው ስም እንዳይጠፋ በእጁ ጻፈ።

ደርሶ ማየት

በወሬ የተጻፈው የአይመለል አገር በዓይን እስኪታይ ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጅቷል። የሶዶ ትክል ድንጋዮች በተመራማሪ ጽሑፍ የተጠቀሱት ፈረንሳዊው ሄንሪ ኔቪል በ1905 ካያቸው ወዲህ ነው። በሰፊው የመረመሯቸው ግን እንደገና የሚስዮን ሰው ናቸው፤ እሳቸውም የካፑቺን ማኅበር አባል የነበሩት አባ ፍራንስዋ በርናርዲን አዛይስ ናቸው። አባ አዛይስ ከ1922 እስከ 1926 ከሐረርጌ እስከ ደቡብ ኢትዮጵያ በበቅሎ እየተዘዋወሩ፣ ከሮዤ ሻምባር ጋር በመሆን ድንጋዮቹን በመለካት፣ በመሣልና ፎቶግራፍ በማንሣት መዘገቡ። ሥራቸው በ1931 በፓሪስ በሁለት ክፍል፣ ማለት በጽሑፍና በሥዕል መድበል ታተመ። ከዚያ በኋላ በ20ኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ፍራንሲስ አንፍሬና ሮዤ ዡሶም በቍፋሮና በቈጠራ ምርመራውን አስፋፍተዋል። በጥያ ከድንጋዮቹ ሥር የተገኙት መቃብሮች በብዛት የወጣቶች ሲሆኑ፣ አስከሬኖቹ ጕልበታቸው ተጣጥፎ የተቀበሩ ናቸው። በሶዶ አካባቢ የታወቁት መሰል ስፍራዎችም ቍጥር ወደ 160 ደርሷል።

የአባ አዛይስ ዘመን ሊቃውንት ስለ ድንጋዮቹ አመጣጥ የሰጡት ግምት አብዛኛው ተሽሯል። በዚያ ጊዜ በኢትዮጵያ ምድር የተገኘውን ጥንታዊ ሥራ ሁሉ ምንጩን ከባሕር ማዶ የመፈለግ ልማድ ነበረ። የሥዕሉ መድበል ግን ዛሬም ይሠራበታል። ክራፍ በአንኮበር ተቀምጦ በሰማው ነገርና አባ አዛይስ በሶዶ ተገኝተው በለኩት ነገር መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው። የሰው አስተያየት ከዘመኑ ጋር ያረጃል፤ በጥንቃቄ የተመዘገበ ነገር ግን የመዝጋቢውን ስሕተት እንኳ ለማረም ያገለግላል።

መንገዱም በአንድ ወገን ብቻ የሚሄድ አልሆነም። ከ1941ዱ የነፃነት መመለስ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት መምህራንን ከህንድ፣ በተለይም ከኬራላ ያስመጣ ጀመር። በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒሳብ፣ ሳይንስና እንግሊዝኛ ያስተማሩት ሕንዶች በቀድሞ ተማሪዎቻቸው ዘንድ አይረሱም። ከእነዚህም ብዙዎቹ ጥንታዊት የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ነበሩ፤ በሃይማኖትም ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እኅት ከሆነችው ከማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመጡ ይገኙባቸዋል።

በ1947 በመምህርነት የመጡት ፖል ቨርጊስ ከእነዚህ አንዱ ናቸው። አማርኛን ጠንቅቀው ተማሩ፤ ለተማሪዎችም መንፈሳዊ ጉባኤ ረዳት ሆኑ። ወደ አሜሪካ ሄደው ከተማሩ በኋላ በ1956 ተመልሰው እስከ 1959 በንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ አገልግለዋል። በ1975 ጳውሎስ ጎርጎርዮስ ተብለው የዴልሂ ጳጳስ ሆነው የተሾሙ ሲሆን፣ በ1996 እስኪያርፉ ድረስ በዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ውስጥ ታላቅ ስፍራ ነበራቸው። ኢዘንበርግ የአገሩን ሰው እምነት ሊያርም መጥቶ ከደጅ ተመለሰ፤ ቨርጊስ የአገሩን ቋንቋ ተምረው ገቡ፤ ቤተኛም ሆኑ።

በጉራጌ አገር የሚገኝ ሌላም ምስክር አለ። ከወልቂጤ ብዙም በማይርቀው አጣጥ የሚገኘውን ሆስፒታል በ1969 የመሠረቱት የሕክምና ሚስዮን እኅቶች ናቸው። ይህ የመነኮሳይት ማኅበር የተወለደው ከህንድ አገር ልምድ ነው። መሥራቿ ኦስትሪያዊቱ ሐኪም አና ዴንገል ከ1920 እስከ 1924 በራዋልፒንዲ አገልግለዋል፤ ከተማይቱ ዛሬ በፓኪስታን የምትገኝ ስትሆን በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ህንድ ክፍል ነበረች። በአገሩ ልማድ ሴቶች በወንድ ሐኪም ለመታየት ስለማይፈቅዱ በወሊድ ጊዜ ያለ ረዳት ይሞቱ ነበር። ዶክተር ዴንገል ልማዱን ከመንቀፍ ይልቅ ልማዱ የሚፈቅደውን ሐኪም ማዘጋጀት ይሻላል ብለው ማኅበሩን በ1925 አቋቋሙ። በዚያ ዘመን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ መነኮሳይት ሙሉ የሕክምና ሥራ እንዲሠሩ አይፈቅድም ነበር፤ ፈቃዱ የተገኘው በ1936 ነው። እንግዲህ ማኅበሩ የሕዝቡን ልማድ አክብሮ የገዛ ቤተ ክርስቲያኑን ሕግ አስለወጠ ማለት ነው።

ለሙያው የሚተርፈው

ከአባ ጎርጎርዮስ እስከ አጣጥ እኅቶች ያለው ታሪክ አንድ ነገር ደጋግሞ ያሳያል። እንግዳ መምህር ትቶት የሚሄደው ሥራ ጸንቶ የኖረው፣ አስቀድሞ በደጁ የተቀመጠውን ሰው እንደ መምህር በቈጠረበት ስፍራ ነው። ጆንስ ከአብርሃም፣ ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ፣ ኢዘንበርግም ስማቸው ካልተጻፈው ከዓድዋና ከሸዋ ሰዎች ተምረዋል። ከዚህ ትምህርት የተገኘው ሁሉ ዛሬም በመጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አለ። በነቀፋና በፉክክር የተሠራው ግን መሠረቱ ሲቈፈር ገና ጥርጣሬን አስነሣ።

ሁለተኛው ቁም ነገር ስምን የሚመለከት ነው። በጥያ ድንጋይ ላይ ሰይፍ ተቀርጾ ስም አልተቀረጸም፤ ይህም ጥንት የነበሩት ሰዎች የሚያውቁት ሥርዓት ስለሆነ የሚነቀፍ አይደለም። በመዝገበ ቃላት የርዕስ ገጽ ላይ የአስተማሪዎቹ ስም መጉደሉ ግን የሥርዓት ሳይሆን የፍትሕ ጕዳይ ነው። በሮጌ ገበያ የተሸጠው የጉራጌ ልጅና በቦምቤይ ወደብ የወረደው ሕፃን ስማቸውን በግፍ ተነጥቀዋል፤ በርዕስ ገጽ ላይ የቀረው ስም ግን በቸልታ የተረሳ ነው። ሁለቱን ማስተካከል አይገባም። ይሁንና በቸልታ የሚረሳው በመምህሩ እጅ ያለ ስለሆነ፣ መምህሩ ሊያርመው ይችላል።

ዛሬ የሶዶ ልጆች በጥያ ድንጋዮች አጠገብ አልፈው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። «የግራኝ ድንጋይ» የሚለው የአያቶቻቸው ቃል በዘመን ስሌት ትክክል ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን በዚያ ስም ተጠርተው ድንጋዮቹ እስከ ዛሬ ደርሰዋል። አስተማሪያቸው የተመራማሪዎቹን ዘመን ሲያስተምራቸው የአያቶቻቸውንም ቃል ቢያስመዘግባቸው፣ የተናጋሪውን ሽማግሌ ስም ከነቀዬውና ከነቀኑ በደብተራቸው ላይ እንዲጽፉ ቢያደርጋቸው፣ ኢዘንበርግ በመዝገበ ቃላቱ የርዕስ ገጽ ላይ ያጐደለው ነገር በጥያ ደብተሮች ውስጥ ይሞላል።